ቤታቸውን አስከትለው የሚኖሩ
ከአሪዞና በረሃ የጉዞ ማስታወሻ

እንግድነት ሄዳችሁ ገና ደጃፉ ላይ ስትደርሱ «ስንት ኪሎ ነህ?» ብትባሉ ምን ይሰማችኋል? እኔ ይህን ጥያቄ የተጠየቅሁት በ2017 ዓ.ም ጥር ወር፣ በአሜሪካ አሪዞና ግዛት፣ ፊኒክስ ከተማ ውስጥ ነው። ጠያቂዋ የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች።

«ጋሼ፣ አንተ ስንት ኪሎ ነህ?»

እናቷ ደንግጣ «አንቱ በይ እንጂ! ደግሞስ እንግዳ እንዲህ ይጠየቃል?» ብላ ተቆጣቻት። አባቷ ግን ሳቀ። «ተያት፣ ልክ ናት። ነገ አብሮን የሚሄድ ከሆነ መመዘኑ አይቀርለትም» አለ። ልጅቷ ደብተርና እርሳስ ይዛ ትጠብቃለች። «68» አልኳት፤ ጻፈች። ቀጥላም ከአገር ቤት በርበሬ፣ ሽሮና ቡና አጭቄ ያመጣኋቸውን ሁለት ሻንጣዎች ተመለከተች። እያንዳንዳቸው 23 ኪሎ ነበሩ። እሱንም ጻፈች። ስጦታ ይዞ የመጣ እንግዳ ሸክም ሆኖ ሲመዘገብ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

የልጅቷ አባት አብሮ አደጌ ነው። ባቲ አካባቢ በአንድ መድረሳ ቀርተናል፤ ከዚያም በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ተምረናል። እኔ መምህር ሆንኩ፤ እሱ አሜሪካ ገብቶ ነርስ ሆነ። በዚያ አገር ቋሚ መቀመጫ ሳይዙ ከሆስፒታል ሆስፒታል እየተዘዋወሩ የሚሠሩ ነርሶች አሉ። ውላቸው በአብዛኛው 13 ሳምንት ነው። ውሉ ሲያልቅ ሌላ ከተማ፣ ሌላ ሆስፒታል ይሄዳሉ። ደመወዙ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን በየሦስት ወሩ ቤት መከራየት፣ የዓመት ውል ማፍረስ፣ ዕቃ ማጓጓዝ ቤተሰብ ላለው ሰው ፈተና ነው። ስለዚህ ጓደኛዬና ባለቤቱ መክረው አንድ ውሳኔ ላይ ደረሱ። ቤቱ ራሱ ተከትሏቸው ይሂድ!

ቤቱ ባለ ጎማ ተሳቢ ነው። ውስጡ አልጋ፣ ምድጃ፣ ማቀዝቀዣ፣ መታጠቢያና መጸዳጃ አለው። ርዝመቱ ሰባት ሜትር ያህል ነው። የሚጎትተው መካከለኛ ፒክአፕ ነው፤ አገራችን ውስጥ በየመንገዱ ከምናያቸው ባለ ሁለት ጋቢና ፒክአፖች ብዙም አይለይም። አሜሪካ ውስጥ በዚህ ዓይነት ቤት ዓመቱን ሙሉ የሚኖሩ ጡረተኞች፣ ሠራተኞችና ባለ ልጆች ብዙ ናቸው። እኔም ከሁለት ውሎች መካከል ባገኙት ዕረፍት አብሬያቸው ወደ በረሃ ልወጣ ነበር የመጣሁት።

መጎተትና መሸከም

ጓደኛዬ ተሳቢውን ሲገዛ የጠየቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ «ፒክአፔ ይጎትተዋል ወይ?» መልሱም ቀላል ሆነለት። የፒክአፑ መጽሐፍ እስከ 2,900 ኪሎ ይጎትታል ይላል። ተሳቢው ባዶውን 1,750 ኪሎ ነው፤ ከነዕቃው ከ2,500 ኪሎ ማለፍ የለበትም። እንግዲህ ምን ችግር አለ?

ችግሩ መጎተትና መሸከም ለየቅል መሆናቸው ነው። ተሳቢ ክብደቱን ሁሉ በራሱ ጎማ አይችልም። ከፊቱ ወጥቶ ከፒክአፑ ጋር የሚያያዘው ብረት፣ አሜሪካኖች «ምላስ» የሚሉት፣ የክብደቱን ከፊል በፒክአፑ ጀርባ ላይ ያሳርፋል። ተሳቢው ቀጥ ብሎ እንዲከተል ይህ ክብደት ከጠቅላላው ከ10 እስከ 15 በመቶ መሆን አለበት። ስለዚህ 2,450 ኪሎ የሚመዝን ተሳቢ ወደ 300 ኪሎ የሚጠጋ ጭነት በፒክአፑ ላይ ይጥላል ማለት ነው።

ፒክአፑስ ምን ያህል ይሸከማል? መልሱ ማስታወቂያው ላይ የለም። የሾፌሩን በር ከፍቶ ጠርዙ ላይ የተለጠፈችውን ትንሽ ወረቀት ማንበብ ያስፈልጋል። በጓደኛዬ ፒክአፕ ላይ የተጻፈው 520 ኪሎ ነው። ከዚህ ላይ ለምላሱ 294፣ ለማያያዣው ብረት 40 ቀንሱ። የቀረው 186 ነው። ባል፣ ሚስትና ልጅ አንድ ላይ 155 ኪሎ ይመዝናሉ፤ ሾፌሩም ከጭነት ይቆጠራልና። የተረፈው 31 ኪሎ ብቻ! ጓደኛዬ ግን ከፒክአፑ ኋላ ጄኔሬተር፣ የመሣሪያ ሣጥን፣ ብስክሌቶችና የውኃ ጀሪካኖች፣ በድምሩ 155 ኪሎ ጭኖ ነበር።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሞተሩ ጉልበት ስላለው፣ አቀበቱንም ስለሚወጣ ሁሉም ነገር ደህና ይመስላል። የሚደክመው ግን ሞተሩ ሳይሆን ባሌስትራው፣ ጎማውና ፍሬኑ ነው።

የቁልቁለቱ ዕለት

ይህን ጓደኛዬ ራሱ የነገረኝ ነው። መጀመሪያ ላይ ተሳቢውን ሲያያይዙ የፒክአፑ ኋላ ዝቅ፣ ፊቱ ከፍ ይል ነበር። መብራቱ ሰማይ ያያል፤ መሪውም ቀለል ይላል። አንድ ጎረቤት «ከባድ ከባዱን ዕቃ ወደ ተሳቢው መጨረሻ ውሰደው፣ ያኔ ይስተካከላል» ብሎ መከረው። የመጽሐፍ ካርቶኖቹን፣ የብረት ዕቃዎቹንና ሙቀጫውን ወደ ኋላ አዛወሩ። እውነትም ፒክአፑ ቀና አለ። ደስ አላቸው።

በጥቅምት ወር ከፍላግስታፍ ወደ ፊኒክስ ይመለሱ ነበር። ፍላግስታፍ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ብርዳም ከተማ ናት። ፊኒክስ ደግሞ 330 ሜትር አካባቢ ላይ ትገኛለች። በመካከላቸው ያለው አውራ ጎዳና በረጃጅም ቁልቁለቶች የተሞላ ነው። ቁልቁለቱን ሲጀምሩ አንድ ትልቅ የጭነት መኪና በግራ በኩል አልፏቸው ሄደ። ነፋሱ ተሳቢውን ገፋው። ተሳቢው አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ አለ። ሁለተኛው ውዝዋዜ ከመጀመሪያው የባሰ፣ ሦስተኛው ደግሞ ከሁለተኛው የባሰ ሆነ።

«ተሳቢው እኔን መንዳት ጀመረ» አለኝ። «በመስታወት ሳይ ቤቴ ከጎኔ መጥቷል። ልጄ ከኋላ ትጮኻለች፤ ባለቤቴ ሸሃዳ ትላለች።»

እንዲህ ባለው ጊዜ የሰው ደመ ነፍስ የሚያዘው ሁሉ ስህተት ነው። የፒክአፑን ፍሬን አጥብቆ መርገጥ ውዝዋዜውን ያብሰዋል። መሪውን እያገላበጡ ለማረም መሞከርም እንዲሁ። ትክክለኛው መሪውን ቀጥ አድርጎ መያዝ፣ ነዳጁን ቀስ ብሎ መልቀቅና የተሳቢውን ፍሬን ለብቻው በእጅ መያዝ ነው። ለዚህ የሚሆን ትንሽ መሣሪያ በሾፌሩ አጠገብ ይገጠማል። ጓደኛዬ ስለዚህ መሣሪያ የሚያውቀው ሲገጠምለት ያየውን ያህል ነበር። እጁ እንዴት እዚያ እንደደረሰ አያስታውስም። ግን ደረሰ። የተሳቢው ጎማዎች ያዙ፣ ማያያዣው ተወጠረ፣ ቤቱም ወደ መስመሩ ተመለሰ።

መንገድ ዳር ቆሙ። ባለቤቱ ልጇን አቅፋ ወረደች። ለረጅም ጊዜ አልተናገረችም። በመጨረሻ ያለችው ይህን ነው፦ «ወይ ይህን ነገር በሚገባ ታውቀዋለህ፣ ወይ ነገ ይሸጣል። እኔ ልጄን በግምት አላስጭንም።»

ሚዛኑ የተናገረው

በአሜሪካ አውራ ጎዳናዎች ላይ የከባድ መኪና ሾፌሮች የሚያርፉባቸው ቦታዎች አሉ፤ በብዙዎቹም የመሬት ሚዛን ይገኛል። ማንም ሰው ጥቂት ዶላር ከፍሎ ይመዘናል። ፒክአፑና ተሳቢው ሚዛኑ ላይ ሲወጡ የፒክአፑ የፊት ጎማ፣ የኋላ ጎማና የተሳቢው ጎማዎች ለየብቻ ይነበባሉ። ከዚያ ተሳቢውን ፈትቶ ፒክአፑን ብቻ መልሶ መመዘን ነው። ከሁለቱ ሚዛኖች መካከል ያለው ልዩነት በምላሱ በኩል የሚያርፈው ክብደት ነው።

ወጤቱ እንዲህ ነበር። ፒክአፑ ከነተሳቢው 2,540 ኪሎ፤ ይህም የተፈቀደለት የመጨረሻው ልክ ነው። ተሳቢው ሲፈታ ፒክአፑ 2,370 ሆነ። ስለዚህ ምላሱ የሚጥለው 170 ኪሎ ብቻ ነው። ተሳቢው ደግሞ 2,450 ኪሎ መዘነ። 170 ለ2,450 ሲካፈል 7 በመቶ አይሞላም። ከ10 በታች ነው። ለዚህ ነው ተሳቢው ጭራውን የወዘወዘው።

አስተውሉ! ፒክአፑ ከልኩ ያላለፈው ተሳቢው በስህተት ስለተጫነ ነው። ዕቃው ተስተካክሎ ምላሱ 12 በመቶ ቢይዝ ፒክአፑ ከልኩ በ124 ኪሎ ያልፋል። ጎረቤቱ የመከረው መድኃኒት በሽታውን አልፈወሰም፤ ምልክቱን ደበቀው እንጂ። ከፊት ቢጫን ፒክአፑ አይችልም፤ ከኋላ ቢጫን ተሳቢው ይወዘወዛል። የቀረው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ መቀነስ።

ክብደቱን ወደ ፊት ጎማዎችም የሚያካፍል ልዩ ማያያዣ እንዳለ እርግጥ ነው። ጓደኛዬም ገዝቶታል፤ 40 ኪሎ ያልኩት እሱን ነው። ፒክአፑን ቀና ያደርጋል፤ መሪውንም ያጠነክራል። ነገር ግን ያለውን ሸክም ያከፋፍላል እንጂ የፒክአፑን አቅም አይጨምርም።

የልጅቷ ደብተር

የደብተሩ ነገር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። አሪዞና ውስጥ ልጁን ቤት የሚያስተምር ወላጅ ለአውራጃው የትምህርት ኃላፊ የቃለ መሐላ ቅጽ ያስገባል፤ ከዚያ እሱ ራሱ መምህር ነው። እናትየው የሒሳብ ትምህርቱን ወደ ቤቱ አዞረችው። ልጅቷ በትንሽ የሰው ሚዛን የቤቱን ዕቃ አንድ በአንድ መዘነች። ሚዛኑ ላይ ለማይቀመጥ ዕቃ መጀመሪያ ራሷ ትወጣለች፤ ቀጥላ ዕቃውን አቅፋ ትወጣለች፤ ከዚያ ትቀንሳለች። አባቷ በመሬት ሚዛን ያደረገውን ማለት ነው። እኔ መቀነስን ለስንት ዓመት ሳስተምር ኖሬአለሁ፤ እንዲህ ጥሩ ምሳሌ ግን አላገኘሁለትም።

ደብተሩን አነበብኩት። ውኃ 150፤ አንድ ሊትር አንድ ኪሎ ነውና ሙሉ ታንከር ይዞ መንገድ መግባት ቀረ። የሚሞላው ቦታው ሲደረስ ነው። ጄኔሬተሩ ተሸጠ። ከፒክአፑ ኋላ የነበረው ሁሉ ወረደ። ከባዱ ወንበር፣ ትርፍ ፍራሽ፣ ድርብ ሳህኖች ተሰጡ። ሙቀጫው ለዘመድ ተላለፈ። የእንጀራው የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን «ይቀመጣል» ተብሎ በእናትየው እጅ ተጽፏል፤ ከጎኑ ክርክር የለም። ምጣዱ 1,500 ዋት ገደማ ይበላል። ቤቱ የሚቀበለው 30 አምፔር ስለሆነ የአየር ማቀዝቀዣው፣ ማሞቂያውና ምጣዱ ባንድ ላይ አይሠሩም። እንጀራ ሲጋገር ሌላው ይጠፋል።

በደብተሩ መጨረሻ ላይ አንድ መስመር ብቻ በጥያቄ ምልክት ቆሟል። «የአያቴ ኪታቦች፣ 60።» ጓደኛዬ አባቱ ሲሞቱ የወረሳቸው፣ ከወሎ ያስመጣቸው ኪታቦች ናቸው። ለጊዜው ፊኒክስ በሚኖር ዘመድ ጋራዥ ውስጥ ተቀምጠዋል። የፊኒክስ የበጋ ሙቀት ከ45 ዲግሪ ያልፋል፤ የጋራዡ ደግሞ ይብሳል። አሮጌ ወረቀትና ቆዳ ይህን አይችልም።

«ሁሉንም ቀነስኩ፤ እዚህ ላይ እጄ ተያዘ» አለኝ። ምን እንደምመልስለት አላወቅኩም።

ወደ ኳርትዝሳይት

በማግስቱ ተነሳን። ተሳቢው አሁን 2,050 ኪሎ ነው፤ ሻንጣዎቼ ተሳቢው ውስጥ ከጎማዎቹ በላይ ተቀምጠው እሱም ተቆጥሯል። ምላሱ 246። ልጅቷ እኔን ጨምራ ደመረችና «11 ኪሎ ይተርፈናል» አለች። ቁርስ በልቼ እንደሆን አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልነገርኳት!

ከመነሳታችን በፊት አባትና ልጅ ዙሪያውን ዞሩ። የጎማ ነፋስ፣ የደኅንነት ሰንሰለት፣ መብራት፣ የጋዝ መዝጊያ፣ የተሳቢው ፍሬን፤ ሁሉም ተፈተሸ። ከዚያ ወደ ምዕራብ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጓዝን። ሌሎች ያልፉናል፤ እሱ ከ100 አይበልጥም። ብዙ የተሳቢ ጎማዎች የሚሠሩት በሰዓት ለ105 ኪሎ ሜትር እንደሆነ፣ አጠገብ ባለችው ካሊፎርኒያ ደግሞ ተሳቢ የሚጎትት መኪና ከ88 ማለፍ እንደማይፈቀድለት ነገረኝ። ነዳጁም ከተለመደው እጥፍ ሊደርስ ይችላል። በዚህ አኗኗር መቸኮል በሁለት በኩል ያስከፍላል።

ኳርትዝሳይት ትንሽ የበረሃ ከተማ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ2020 በተደረገው ቆጠራ ነዋሪዎቿ 2,413 ነበሩ። በክረምት ግን ከብርዳማው ሰሜን ቤታቸውን እየጎተቱ የሚመጡ እንግዶች በመቶ ሺህ ይቆጠራሉ። ከከተማዋ በስተ ደቡብ ላ ፖሳ የሚባል ሰፊ የመንግሥት መሬት አለ። ከመስከረም አጋማሽ እስከ ሚያዝያ አጋማሽ ድረስ ፈቃድ የገዛ ሰው ወቅቱን ሙሉ መቆየት ይችላል። በሌላው የበረሃ መሬት የሚፈቀደው በአብዛኛው 14 ቀን ነው። ውኃና የፍሳሽ ማስወገጃ አለ፤ የኤሌክትሪክ መስመር የለም። ሁሉም ከጣሪያው የፀሐይ ብርሃን ይለቅማል። ስለዚህ እንጀራው ፊኒክስ ተጋግሮ ነው የመጣው።

ማታ ከሩቅ ሳየው የሰፈሩ መብራት የባቲን የገበያ ዋዜማ አስታወሰኝ። ሰኞ ለሚውለው ገበያ እሁድ ማታ የሚደርሱት ግመሎችና እሳት የሚያነዱት ባለቤቶቻቸው ትዝ አሉኝ።

የሐጂ ዐሊ መቃብር

በማግስቱ ጓደኛዬ ወደ ከተማዋ መካነ መቃብር ወሰደኝ። በመካከሉ ከድንጋይ የተሠራ ትንሽ ፒራሚድ ቆሟል፤ ጫፉ ላይ የብረት ግመል አለ። «ማን እንደሆነ ታውቃለህ? ሐጂ ዐሊ ነው» አለኝ።

አሜሪካኖች ስሙን መጥራት ቢያቅታቸው «ሃይ ጆሊ» አሉት። በኦቶማኖች ሥር ከነበረው የሶርያ ምድር እንደመጣ ይነገራል። እ.ኤ.አ. በ1855 የአሜሪካ ምክር ቤት ግመል ለሠራዊቱ ጓዝ ይሆን እንደሆን ለመሞከር 30,000 ዶላር መደበ። በ1856 የመጀመሪያዎቹ ግመሎች በቴክሳስ ወደብ ተራገፉ፤ ሐጂ ዐሊም ከግመል ነጂዎቹ አንዱ ነበር። በ1857 ግመሎቹ በአሪዞና ሰሜን፣ ዛሬ ፍላግስታፍ በምትገኝበት በኩል ወደ ካሊፎርኒያ የሚያልፈውን የሠረገላ መንገድ ለመቀየስ ጓዝ ተሸከሙ። የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲመጣ ሙከራው ተረሳ። ሐጂ ዐሊ ግን በዚያው በረሃ ኖሮ በ1902 አረፈ። ሐውልቱ የተሠራለት በ1935 ነው።

እዚያ ቆመን ሁለታችንም የባቲ ልጆች መሆናችን ታወሰን። ግመል ስትጫን አይተን ነው ያደግነው። ጫኙ ግራና ቀኙን በእጁ እያመዛዘነ ያስራል። ጭነቱ ከበዛ ወይም ካጋደለ ግመሊቱ አትነሳም። ታጉረመርማለች፣ አንገቷን ታዞራለች፤ ቢመቷትም አትነሳም። ባለቤቱ የግዱን ፈትቶ ይቀንሳል።

ጓደኛዬ ግመሉን ቀና ብሎ እያየ «ፒክአፕ ይህ የለውም» አለ። «ዝም ብሎ ይነሳል። እምቢታውን የሚነግርህ ቁልቁለቱ ላይ ነው።»

ይህን መንገድ ለሚያስቡ

በውጭ አገር የምትኖሩና ይህን አኗኗር የምታስቡ ቤተሰቦች ትኖሩ ይሆናል። ቤቱን ከመውደዳችሁ በፊት የበሩን ወረቀት አንብቡ። ባዶ ክብደቱን ሳይሆን ሙሉውን ቁጠሩ። ሁሉንም ጭናችሁ፣ ቤተሰቡን አሳፍራችሁ ተመዘኑ። የተሳቢውን የእጅ ፍሬን በባዶ ሜዳ ተለማመዱት። ሻጩ «ይጎትታል» ካላችሁ «ይሸከማል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። መካከለኛ ፒክአፕ ትንሽ ቤት ይችላል፤ ትንሽ ቤት ደግሞ ትንሽ ዕቃ ይችላል። ይህን ያልተቀበለ ሰው ባይጀምረው ይሻለዋል።

ከስድስት ቀን በኋላ ጓደኛዬ በፒክአፑ ብቻ ወደ ፊኒክስ መለሰኝ። ሻንጣዎቼ ባዶ ነበሩ። አውሮፕላን ማረፊያ ከመድረሳችን በፊት ወደ ዘመዱ ጋራዥ ጎራ እንዲል ጠየቅሁት። ካርቶኖቹን ከፈትን። በበረሃው ስድስት ሌሊት ሳስብበት ነበርና አሁን የምመልስለት አላጣሁም። «ለተማርንበት መድረሳ ይሁኑ፤ እዚያ የሚያነባቸው አለ» አልኩት። ብዙ አሰበ። ከዚያ አንድ በአንድ እየጠረገ ያቀብለኝ ጀመር።

አሥራ አራት ኪሎ ያህሉን፣ አባቱ በእጃቸው የጻፉባቸውን፣ ለራሱ አስቀረ። አየር መንገዱ ሚዛን ላይ ሻንጣዎቼን ሳወጣ 23 እና 23 አሉ። ማታ ደብተሩ ላይ ከጥያቄ ምልክቱ ቦታ ምን እንደተጻፈ በስልክ ጠየቅኋት።

«14» አለች ልጅቷ። «ጋሼ፣ አንቱ ስለወረዱ ደግሞ 68 ቀነስኩ።»